አራቱ ያልበረሩ አይሮፕላኖች

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ጤና ጥበቃና ስለ ዛፍ ተከላ ብዙ ቁም ነገር አሰምተዋል። እኛ ደግሞ ስለ ጨዋታ ልንናገር መቆማችን በተነገረ ጊዜ አንዳንድ ወላጆች ፈገግ ሲሉ አይተናል። ፈገግታው አያስቀይመንም፤ ነገሩ በእውነት የጨዋታ ነገር ነውና። ይሁን እንጂ በዚህ ጨዋታ ባለፈው መጋቢት በዱራሜ ተማሪዎች ክፉኛ ተሸንፈናል። የተሸነፍንበትም ምክንያት ከሰሌዳው ላይ ወጥቶ እስከ ቤታችን ድረስ ስለ ተከተለን፥ በዛሬው ቀን ልንነግራችሁ ወደድን።

ሁለት ዓመት ያህል ይሆናል፤ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ተሰብስበን ቼዝ እንጫወት ነበር። አንድ ቀን ከእኛ አንዱ በኮምፒውተር ስለሚጫወቱት የጦር ስልት ጨዋታ ወሬ ይዞ መጣ። በዚያ ጨዋታ እያንዳንዱ አብራሪ ስም አለው፤ ከስሙም አጠገብ የድካሙ ልክ በቁጥር ተጽፏል። ብዙ የበረረ እንደ ሆነ ቁጥሩ ይወጣል፤ ያረፈ እንደ ሆነ ይወርዳል። ቁጥሩ የወጣበት አብራሪ ዒላማውን ይስታል፤ አንዳንድ ጊዜም ጠላት ሳይነካው ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ይወድቃል። ይህን ስንሰማ ተገረምን፤ ከዚያ በፊት በምናውቀው ጨዋታ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር የለምና። የአገራችን የጥንት ሰንጠረጅ እንኳ መጀመሪያው ወረራ ይባላል፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፥ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። በዚያ ሁሉ ግርግር ፈረሱ ሃያ ጊዜ ቢዘልል አያልበውም። የገበጣም ጠጠር ቀኑን ሙሉ ሲዞር ቢውል ያው ጠጠር ነው።

ኮምፒውተሩን ለዚህ ለማግኘት ስላልተቻለን በካርቶን ሠራነው። የብስኩት ካርቶን ዘርግተን ባሕርና ሁለት ደሴቶች ሣልንበት። የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ አይሮፕላን ሆነ፤ ባቄላ አብራሪ ሆነ፤ ጠጠር ድካም ሆነ። ለእያንዳንዱ ወገን 12 ቆርኪና 12 ባቄላ ይሰጠዋል። አይሮፕላኑ ቢመታ ቆርኪው በማግሥቱ ከፋብሪካ ይተካል፤ አብራሪውም በጃንጥላ ወርዶ ይመለሳል አልን፤ ሰው በመግደል ነጥብ የሚገኝበት ጨዋታ መሥራት ስላልወደድን ነው። ነጥብ የሚገኘው የጠላትን ወደብ በመምታት ብቻ ነው። ባቄላ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ አይተካም።

የድካሙ ደንብ እንዲህ ነው። አንድ ቀን የበረረ አብራሪ 2 ጠጠር ይጨመርበታል። በኋላ ሰፈር ያረፈ እንደ ሆነ በቀን 4 ጠጠር ይነሣለታል፤ በግንባር ሰፈር ያረፈ እንደ ሆነ ግን የቦምቡ ድምፅ ስለማያስተኛው 2 ብቻ ይነሣለታል። ጠጠሩ እስከ 4 የሆነ አብራሪ ዳይስ ሲጣልለት 4፥ 5 ወይም 6 ከወጣ ዒላማውን መታ ይባላል። ከ5 እስከ 8 ጠጠር ያለበት በ5ና በ6 ብቻ ይመታል። ከ8 በላይ ያለበት በ6 ብቻ ይመታል፤ ከዚህም በላይ ሲመለስ ሁለተኛ ዳይስ ይጣልበታል፤ 1 ከወጣ በገዛ ሜዳው ላይ ይወድቃል፤ ባቄላውም ይወጣል።

ይህን ደንብ የጻፍነው ራሳችን ነን፤ ስለዚህ አናውቀውም ነበር ማለት አንችልም። ነገር ግን የምንጫወተው በዕረፍት ሰዓት ነበርና ጊዜው ስለማይበቃ ጦርነቱን ሁልጊዜ በአምስት ቀን እንጨርሰው ነበር። በአምስት ቀን ጦርነት ደግሞ አሥራ ሁለቱንም በየቀኑ ማብረር ትክክል ነው። ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ካሥራ ሁለቱ በአማካይ 6፥ 6 ይመታሉ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ጠጠሩ 6ና 8 ስለሚደርስ 4፥ 4 ይመታሉ፤ በአምስተኛው ቀን 2 ይመታሉ። ድምሩ 22 ነው። ከአሥራ ሁለቱ አብራሪዎች አራቱን በየቀኑ በተራ እያሳረፈ ስምንት ብቻ የሚያበር ሰው ግን ጠጠሩ ከ4 ስለማያልፍ በቀን 4፥ በአምስት ቀን 20 ይመታል። ስለዚህ ሁሉን ያበረረ ያሸንፋል። ልማዳችን የተሠራው በዚህ ነው።

የዱራሜ ተማሪዎች ለውድድር ወደ ሆሳዕና በመጡ ጊዜ፥ መንገድ ከመጡ አይቀር ቅዳሜውን ሙሉ እንጫወት፥ ጦርነቱም 12 ቀን ይሁን ብለው ጠየቁ። እኛም ደስ ብሎን ተቀበልን። ጨዋታው ሲጀመር መሪያቸው የሆነችው ልጅ ስምንት ቆርኪ ወደ ባሕሩ ገፋችና አራቱን በኋላ ሰፈር ትታ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። በዙሪያው የቆሙት የትምህርት ቤታችን ልጆች ሳቁ። አንዱም፥ «እነዚህ አራቱ ነዳጅ አልቆባቸው ነው?» ብሎ ጠየቃት። እሷ አልመለሰችለትም።

በሁለተኛው ቀን ማታ እኛ 13 ነጥብ፥ እነሱ 7 ነበራቸው። በአራተኛው ቀን እኛ 21፥ እነሱ 15። ጭብጨባው የኛ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሁለት ባቄላዎቻችን የጠላት አይሮፕላን ባልደረሰበት በገዛ ሜዳችን ላይ ወደቁ። ያን ጊዜ ዕድል ነው አልን። በስድስተኛው ቀን ሌላ ወደቀ። ዕረፍት ትዝ ያለን ያን ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ባልወደቁት ላይ ሁሉ 12፥ 12 ጠጠር ተቈልሎ ነበርና አንዱን አብራሪ ፈጽሞ ለማሳረፍ በኋላ ሰፈር ሦስት ቀን ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ቀን ቢሆን ኖሮ ማሳረፉ እምብዛም ባልጎዳን ነበር፤ አሁን ግን ሦስት ቀን ሰማዩን ለጠላት መተው ሆነብን። ስለዚህ፥ «ዛሬን ብቻ» እያልን ማብረሩን ቀጠልን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማታ እነሱ 47 ነጥብ አግኝተው አሥራ ሁለቱም ባቄላዎቻቸው በእጃቸው ነበሩ። እኛ 31 ነጥብ አግኝተን በሰሌዳው ላይ አራት ባቄላ ቀረልን። ቆርኪዎቻችን ግን ከፋብሪካ እየተተኩ ሙሉ ነበሩ። በአሥራ ሁለት አይሮፕላን ላይ የሚቀመጡ አራት አብራሪዎች ብቻ!

ከዚህ በኋላ ነው ታሪኩን ማንበብ የጀመርነው። የውጭ አገሩን ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጠራዋለን።

በ1940 በጋ ጀርመኖች እንግሊዝን ከአየር በወጉ ጊዜ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ተዋጊ አይሮፕላን ሲያቀርቡ፥ የጠፋው አብራሪ ነበር። የተዋጊ አይሮፕላኖች ጦር አዛዥ የነበሩት ሰር ሂዩ ዳውዲንግ ከባሕር ኀይልና ከሌላውም ክፍል አብራሪ እየለመኑ ይሰበስቡ ነበር፤ ፖላንዶችና ቼኮችም አብረው በረሩ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያሉት አብራሪዎች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በተጠንቀቅ ይቀመጣሉ፤ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይወጣሉ። ዳውዲንግ ግን በጣም በተጨነቁበት ሰዓት እንኳ በሰሜን ያሉትን ጓዶች ሁሉ አምጥተው ወደ ደቡብ አላፈሰሱም። የደከመው ጓድ ወደ ሰሜን ሄዶ ያርፋል፤ ያረፈው በቦታው ይተካል። በመስከረም ወር መጀመሪያ ይህ አልበቃ ሲል ጓዶቹን በሦስት ደረጃ ከፈሏቸው፤ በደቡብ የሚዋጋው እንዲሞላ፥ ሌላው አዲሶችን እንዲያስተምር አደረጉ። በዘመኑ፥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አውጥቶ መምታት ይሻላል ብለው የተከራከሯቸው ነበሩ። የአምስት ቀን ጦርነት ቢሆን ኖሮ እነዚያ ትክክል ሊሆኑ በቻሉ።

ጀርመኖች ጦርነቱን በጥቂት ሳምንት እንጨርሰዋለን ብለው አስበው ነበር። አብራሪዎቻቸው ይህን ያህል ጊዜ ከበረርክ በኋላ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ የሚል ደንብ አልነበራቸውም። በየቀኑ ባሕሩን ተሻግረው፥ ነዳጁ ስለማይበቃ ለንደን ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ተዋግተው፥ የነዳጁን መለኪያ እያዩ ይመለሳሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመካከላቸው የሆድ ሕመም፥ ማስመለስና እንቅልፍ ማጣት በዛ፤ እነሱም የቻናል በሽታ ብለው ስም አወጡለት።

የጃፓኖቹ ከዚህ ይብሳል፤ እኛንም ይበልጥ ያሳሰበን የነሱ ነው፥ ጨዋታችን የተሣለው በፓሲፊክ ደሴቶች አምሳል ነውና። በ1942 ነሐሴ አሜሪካኖች ጓዳልካናል ወደሚባለው ደሴት በወረዱ ጊዜ የጃፓን አብራሪዎች የሚነሡት ራባውል ከተባለው ሰፈር ነበር። በመካከሉ 1,040 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር አለ። ከሆሳዕና አዲስ አበባ በመንገድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ብንል፥ ያ ሰው ውጊያው ቦታ ለመድረስ ብቻ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ ከመመለስ የሚበልጥ መንገድ ይሄዳል፤ ከተዋጋ በኋላ ደግሞ ያንኑ ያህል ይመለሳል፤ ይህንም ሁሉ ብቻውን በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ሳካይ ሳቡሮ የሚባለው ስመ ጥር አብራሪ በመጀመሪያው ቀን፥ ነሐሴ 7፥ ራሱን ተመትቶ አንድ ዐይኑ እየጨለመበት ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ በርሮ ሰፈሩ ደረሰ። ጀግንነቱ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን እሱን የመሰሉት ሌሎቹ እስኪሞቱ ድረስ እንዲበሩ ተደረገ። የአሜሪካ ባሕር ኀይል በበኩሉ የለመዱትን አብራሪዎች ከግንባር እያነሣ አዲሶችን እንዲያስተምሩ ወደ አገራቸው ይልካቸው ነበር። በ1944 ሰኔ በፊሊፒንስ ባሕር ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ በአንዱ ወገን የሚበዙት በደንብ የተማሩ ሰዎች፥ በሌላው ወገን የሚበዙት ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ልጆች ነበሩ።

የሚያሳርፈው ሰው የሌለው ወገን ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ይህ ጥያቄ ወደ አገራችን ይመልሰናል። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ በወረረን ጊዜ ኢትዮጵያ የነበሯት በጣት የሚቈጠሩ አይሮፕላኖች ናቸው፤ አብዛኛዎቹም መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። ከቺካጎ የመጡት ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን በነዚህ አይሮፕላኖች ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባር መልእክትና ሰው ያመላልሱ ነበር። ለእንደሳቸው ያለ ሰው የኋላ ሰፈርም የተራ ምድብም የለም። ሮቢንሰን ከነጻነት በኋላ በ1944 ተመልሰው መጥተው የኢትዮጵያ ልጆችን በረራ አስተማሩ። እኛ እንደሚመስለን ከጦርነቱ የቀሰሙት ትምህርት ይህ ነው፤ አንድ ጎበዝ አብራሪ ከሚገኝ ይልቅ ተራ የሚለዋወጡ ሦስት ቢገኙ ይሻላል።

ከሽንፈታችን በኋላ በማኅበራችን ውስጥ ትልቅ ክርክር ተነሣ። አንድ ጓደኛችን የድካሙ ደንብ ይሰረዝ አለ። «አባቶቻችን ዓድዋ ሲዘምቱ ጠጠር የቈጠረላቸው አልነበረም፤ ይህ ደንብ የሰነፍ ደንብ ነው» ሲል ብዙዎች አጨበጨቡለት። መልስ የሰጠችው የታሪክ መጽሐፍ ይዛ የመጣች ልጅ ናት። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው ጦር የተዋጋው የካቲት 23 ቀን ነው፤ ከአራት ወር በላይ እያደረ እየተጓዘ ደረሰ። በዚያች ሌሊት በማያውቁት ተራራ ሲንከራተቱ አድረው፥ መንገድ ተሳስተው፥ ተነጣጥለው የደረሱት ኢጣልያኖች ናቸው። ክርክሩ ግን በዚህ አላለቀም፤ የጨረሰው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 30 ዳዊት አማሌቃውያንን ሲያሳድድ ከ600 ሰዎቹ 200ው ደክመው የቦሦርን ወንዝ መሻገር አቃታቸው። ዳዊት አልገረፋቸውም፥ ጎትቶም አላሻገራቸውም፤ ከጓዙ ጋር ትቷቸው በ400ው ሄደ፤ አሸነፈም። ሲመለስ ክፉዎች ሰዎች ላረፉት ምርኮ አይሰጥ ብለው ነበር፤ እሱ ግን እኩል እንዲካፈሉ ሥርዓት አደረገ። ከ600 ሰው 200 ማለት ከሦስት አንድ ነው፤ ልክ ያቺ የዱራሜ ልጅ ከአሥራ ሁለት አራቱን እንደ ተወችው! ይህን ያስተዋለው ደንቡ ይሰረዝ ያለው ጓደኛችን ራሱ ነው፤ ሲያስተውል ደግሞ ሳቀ።

ከዚያም ደንቡን ማስፋት ጀመርን። ጀርመኖች በ1940 ፔርቪቲን የተባለ እንቅልፍ የሚያባርር ኪኒን በሚሊዮን እየቈጠሩ ለጦራቸው ያድሉ ነበር፤ እንግሊዞችም በጊዜው ቤንዘድሪን ሰጥተዋል። ስለዚህ ኪኒን በጨዋታችን ገባ፤ ዛሬ 4 ጠጠር ያነሣል፤ በማግሥቱ 6 ይመልሳል። ኪኒኑ ድካሙን እንደማያጠፋው፥ አበድሮ በወለድ እንደሚያስከፍል ለማሳየት ነው። በመንገዳችን ላይ ጫትና ቡና ስለሚያደርጉት ነገር ሾፌሮች ከኛ የበለጠ ያውቃሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ደንብ ግን የመጨረሻው ነው። በ2003 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት አለ። ሰዎች ለ14 ቀን በየሌሊቱ ከስድስት ሰዓት በላይ እንዳይተኙ ተደረገ። በመጨረሻ ሲፈተኑ እስከ ሁለት ሌሊት ጭራሽ እንዳልተኛ ሰው ያህል ይሳሳቱ ነበር፤ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ትንሽ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል እንጂ ደኅና ነን አሉ። እንግዲህ የደከመ ሰው መድከሙን የሚያውቅበት አእምሮ ራሱ ደክሟል ማለት ነው። ይህን ካነበብን በኋላ ጠጠሩን ከተጫዋቹ ዐይን ሰወርነው። አሁን ጠጠሩን በደብተር ጋርዶ የሚቈጥር የድካም ጸሐፊ አለ። ተጫዋቹ አብራሪውን እንዴት ነህ ብሎ ሲጠይቅ፥ ጸሐፊው ስለ አብራሪው ሆኖ ሁልጊዜ የሚመልሰው አንድ ቃል ነው፤ «ደኅና ነኝ»። ሁለት ጠጠር ቢኖርበት ደኅና ነኝ፤ አሥራ አራትም ቢኖርበት ደኅና ነኝ። ስለዚህ ተጫዋቹ ተራውን አስቀድሞ በወረቀት ካልጻፈ በጥያቄ የሚያገኘው ነገር የለም። ይህ ደንብ ከገባ ወዲህ ጨዋታው ያስፈራል።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አይሮፕላን መውረድ በሚገባው ጊዜ ሳይወርድ ቀረ። በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ የአዲስ አበባን ሜዳ አልፎ ሄደ፤ የምድር ተቈጣጣሪዎቹ ደጋግመው ቢጠሩ መልስ አላገኙም። አይሮፕላኑን በራሱ የሚነዳው መሣሪያ ሲቋረጥ ደወሉ ጮኸ፤ አብራሪዎቹም ከዚያ በኋላ አዙረው ከ25 ደቂቃ ያህል ቈይተው በደኅና አሳረፉት። ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው እንደ ነበረ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተጻፈ፤ አየር መንገዱም ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደ ነበረ ገልጾ፥ ጉዳዩ እስኪጣራ አብራሪዎቹን ከሥራ አነሣ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሰነፎች ብሎ ተሳደበ። እኛም ያን ጊዜ ሕፃናት ሆነን ከተሳደቡት ጋር ሳንሳደብ አልቀረንም። ዛሬ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ስንት ጠጠር ነበረባቸው? የቈጠረላቸውስ ማን ነው? አሜሪካ ከ2014 ጀምሮ ባወጣችው ደንብ አብራሪ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት፥ በዚያም ውስጥ 8 ሰዓት ያልተቋረጠ የእንቅልፍ ጊዜ ማግኘት አለበት። ደንቡ አብራሪውን ደክመሃል ወይ ብሎ በመጠየቅ ብቻ አያበቃም፤ ሰዓቱንም ይቈጥራል።

አሁን ስለ አንድ አባት እንናገራለን፤ የምንናገረውም በፈቃዳቸው ነው። ከእኛ የአንዱ አባት ከሆሳዕና አዲስ አበባ በሚኒባስ ሰው ያመላልሳሉ። ከዱራሜ ልጆች ጋር በተጫወትንበት ቅዳሜ መኪናቸው ጋራዥ ስለ ነበረች ልጃቸውን ሊያዩ መጥተው እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ። ሁሉም ከተበተነ በኋላ ወደ ሰሌዳው ቀርበው አንድ ባቄላ አነሡና፥ «ልጆች፥ በኔ ላይስ ስንት ጠጠር ትጥላላችሁ?» አሉን።

እንደ ቀልድ ቈጠርንላቸው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሣሉ፤ 11 ሰዓት ከመናኸሪያ ይወጣሉ፤ አዲስ አበባ ሰው አራግፈው፥ ሌላ ጭነው፥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆሳዕና ይገባሉ። ከተነሡ 18 ሰዓት ማለት ነው። በ1997 በአውስትራሊያ በተደረገ ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቈየ ሰው፥ በብዙ አገር መንዳት የሚያስከለክለውን ያህል እንደ ጠጣ ሰው ሆኖ ተገኝቷል። እኚህ ሰው የወንጌል አማኝ ናቸው፤ ጠላ እንኳ ቀምሰው አያውቁም። እንግዲህ በጨዋታችን ደንብ በቀን 2 ጠጠር ብቻ ብንጥልባቸው በስድስት ቀን 12 ይሆናል፤ እሑድ 4 ቢነሣ 8 ይቀራል። ሰኞ ማታ ሲመለሱ 10 ነው። ከ8 በላይ የሆነ ሁሉ ሲመለስ ሁለተኛው ዳይስ እንደሚጣልበት ታስታውሳላችሁ። እሳቸውም ሲያዩ ስለ ዋሉ ያውቁታል፤ እኛ ሳንነግራቸው ዳይሱን ራሳቸው አነሡት፤ አልጣሉትም፤ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያም ባለፈው ክረምት ከወራቤ ወዲህ አንድ ሌሊት መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ በገደሉ አፋፍ የቆመችበትን ነገር ነገሩን። ልጃቸው ያን ቀን መጀመሪያ መስማቱ ነበር፤ በቤት የተነገረው ጎማ ፈነዳ ተብሎ ነው።

ባለ መኪናውን ሁለተኛ ሾፌር ይጨመር ብለው ለመኗቸው፤ አልሆነም። የቆመች መኪና ገንዘብ አትወልድም ተባሉ። ያን ቃል ስንሰማ አራቱን ቆርኪዎች አይቶ የሳቀውን የራሳችንን ድምፅ የሰማን መሰለን። በመጨረሻ አዲስ አበባ አድረው በማግሥቱ መመለስ ጀመሩ። ጉዞው በግማሽ ቀነሰ፤ ገቢውም እንዲሁ። በጓደኛችን ቤት ይህ የጫማና የደብተር ነገር ነው፤ እናቱም መጀመሪያ ላይ ጨዋታችንን እንዳልመረቁት አይተናል። አሁን በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋልና ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን። እናቶቻችን እንሰት ሲፍቁ አንዷ ስትደክም ሌላዋ እንደምትቀበላት ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ሾፌሩን ግን የሚቀበለው ሰው የለም።

በራሳችንም ላይ ቈጥረናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ቀርቧል፤ ፈተናው እንደሚታወቀው በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ጀመረ፤ ከቤት ርቆ ማደርንም አስከተለ። በየሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደምናነብ በድካም ጸሐፊው ደብተር ላይ ተጽፏል። ቁጥሩን እዚህ አናነበውም፤ እናቶቻችን እየሰሙ ነውና። ይሁን እንጂ አሥራ ሁለታችን በሦስት ምድብ ተከፍለናል፤ በየቀኑ አራታችን ማታ 3 ሰዓት መጽሐፍ ከድነን እንተኛለን። ተራው የደረሰው ሰው አልደከመኝም ቢል አይሰማም። የመጀመሪያው ሳምንት ለሁላችንም ከባድ ነበር፤ ሌላው እያነበበ ነው የሚል አሳብ አያስተኛም።

ከዱራሜ ልጆች ጋር የመልሱ ጨዋታ ከፈተና በኋላ በዱራሜ ይሆናል። የሾኔና የዶዮገና ተማሪዎችም ሰሌዳውን እንድንልክላቸው ጠይቀውናል፤ ካርቶን ያላችሁ ብትሰጡን እንቀበላለን። የዱራሜዋ ልጅ ጦርነቱ ስንት ቀን እንደሚሆን አስቀድሞ እንዳይነገር፥ በየማታው በዳይስ እንዲወሰን የሚል አሳብ ልካለች። እኛ እስካሁን መልስ አልሰጠንም፤ ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ እየተከራከረበት ነው።

ሰሌዳው ዛሬ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ባቄላውም ጠጠሩም አለ። ሾፌር፥ ነርስ፥ ዘበኛ ወይም ሌሊት የሚሠራ ሰው ያለበት ቤተሰብ ቢመጣ የድካም ጸሐፊው እስከ 11 ሰዓት ድረስ በቦታው ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሱ የዕረፍት ተራ ነው።